ስለ ተገፉ ሰዎች የአብያተ ክርስቲያናት መተባበር

በሃይማኖት ትምህርት የተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት ለተገፋ ሰው ፍርድ በአንድነት ሊቆሙ ይገባቸዋልን? ተብሎ ቢጠየቅ፥ አይገባቸውም ብሎ የሚመልስ ሰው አይገኝም። አስቸጋሪው ነገር ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ይኸውም የተስማሙት መልእክተኞች ከጉባኤው ተነሥተው ወደየቤታቸው በተመለሱ ጊዜ፥ የፈረሙበትን ቃል የላከቻቸው ቤተ ክርስቲያን ትቀበለው ወይም ትጥለው እንደ ሆነ ነው። ይህን ነገር ለመመርመር ከደቡብ አፍሪቃ ታሪክ የበለጠ ምስክር አናገኝምና፥ ለሹማምንትና ለካህናት አንባቢዎቻችን ልናወሳላቸው ወደድን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በዚያች አገር በሰውና በሰው መካከል የቆመው ግድግዳ በመጀመሪያ የተሠራው በመንግሥት ሸንጎ አይደለም፤ በቅዱስ ቁርባን ማዕድ ዙሪያ ነው። በ1857 ዓ.ም. በኬፕ የተሰበሰበው የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ፥ ከአረማውያን ወገን ያመኑት ከነጮቹ ምእመናን ጋራ በአንድ ማኅበር ቢሆኑ መልካምና ከመጽሐፍ ጋራ የሚስማማ መሆኑን ከመሰከረ በኋላ፥ የአንዳንዶች ድካም ሥራውን የሚያሰናክል ከሆነ ግን ለብቻቸው በሌላ ቤት ያምልኩ ብሎ ፈቀደ። ድካም የተባለውም ከጥቁር ጋራ ለመቍረብ የተጠየፈው የነጩ ሰው ድካም ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ደካማው ወንድም ያስተማረው ብርቱው እንዲሸከመው ነው፤ በኬፕ ግን ሸክሙን የተሸከመው ከማዕዱ የተገፋው ሆነ። ለድካም የተሰጠው ፈቃድ ውሎ አድሮ ሥርዓት ሆነና፥ በ1881 ዓ.ም. ክልሶች ለሚባሉት ሕዝብ ለብቻዋ የሆነች ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመችላቸው።

እንግሊዝኛ የሚናገሩት አብያተ ክርስቲያናትም ከዚህ ነውር የነጹ አልነበሩም። ማንጌና ሞኮኔ የተባለው የሜቶዲስት ቄስ በ1892 ዓ.ም. ከነጮቹ አለቆቹ ተለይቶ በፕሪቶሪያ የራሱን ቤተ ክርስቲያን ሲመሠርት፥ በመዝሙረ ዳዊት ስለ ኢትዮጵያ እጆች የተነገረውን ቃል አስቦ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ ሰየማት። የአገራችን ስም በዚያ ሩቅ ምድር ለተገፉ ሰዎች መጠጊያ የሆነው በዚህ ዓይነት ነው።

በ1948 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ሆኑ። በአምስተርዳም ከተማ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ተመሠረተ፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች። በደቡብ አፍሪቃ ደግሞ አፓርታይድን ሕግ የሚያደርገው የናሲዮናል ፓርቲ ምርጫውን አሸነፈ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዶክተር ማላንም ቀድሞ የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ቄስ የነበረ ሰው ነው። እንግዲህ ነገሩ በክርስቲያንና በአረመኔ መካከል ሳይሆን በክርስቲያንና በክርስቲያን መካከል የተነሣ ክርክር መሆኑን አንባቢ ይመልከት።

ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ሕግ ምን አገባት? የሚሉ ሹማምንት በዚያ አገር ብዙ ነበሩ። ነገር ግን ድንበሩን ዘልሎ የገባው ሕጉ ራሱ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የቀረበው ረቂቅ፥ ጥቁር ሰው በነጮች ሰፈር ባለ ቤተ ክርስቲያን እንዳያስቀድስ ለመከልከል ለሚኒስትሩ ሥልጣን የሚሰጥ ነበር። የኬፕ ታውኑ የአንግሊካን ሊቀ ጳጳስ ጄፍሪ ክሌይተን፥ ጠባቸው ጭምትና ከመንግሥት ጋራ መጋጨትን የማይወዱ ሽማግሌ ሲሆኑ፥ ይህን ሕግ ልንታዘዝ ሕዝባችንንም ታዘዙ ልንል አንችልም የሚለውን ደብዳቤ በጾማቸው መያዣ ቀን ፈርመው በማግሥቱ ዐረፉ። ሕጉ ጥቂት ተሻሽሎ ጸደቀ።

በ1960 ዓ.ም. በሻርፕቪል ፖሊሶች በሕዝብ ላይ ተኩሰው 69 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፥ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ በዚያ አገር ያሉትን 8 አባሎቹን በጆሃንስበርግ ኮተስሎ በሚባል ስፍራ በታኅሣሥ ወር ሰበሰበ። ከየቤተ ክርስቲያኑ 10 መልእክተኞች መጡ። አንድ ሳምንት አብረው ጸለዩ፥ ተከራከሩም። በመጨረሻ ከተስማሙባቸው ነገሮች ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ማንም ምእመን በመልኩ ምክንያት ከማንኛውም ቤተ ክርስቲያን አይከለከልም፤ የተለያየ ዘር ያላቸው ሰዎች እንዳይጋቡ የሚከለክል ቃል በመጽሐፍ የለም፤ ሰው በሚኖርበት ስፍራ ርስት የመያዝና በአገሩ መንግሥት የመሳተፍ መብት አለው። ለዚህም ስምምነት ከደች ሪፎርምድ ወገን የሆኑት የኬፕና የትራንስቫል መልእክተኞች ጭምር ድምፃቸውን ሰጡ።

ደስታው ግን ብዙ ቀን አልቆየም። ጠቅላይ ሚኒስትር ፈርዉርት በአዲስ ዓመት ንግግሩ፥ የተናገሩት መልእክተኞቹ ለራሳቸው ነው እንጂ ሲኖዶሶቹ ገና አልተናገሩም አለ። በነገሩ ክፉ ሐሳብ ቢኖርበትም፥ የጉባኤውን ደካማ ሥፍራ አይቶ መምታቱን አንክድም። በ1961 ዓ.ም. ሲኖዶሶቹ ተሰብስበው የገዛ መልእክተኞቻቸውን ቃል ጣሉ፤ ከዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤም ወጡ። በየደብሩ የተቀመጠው ነጭ ምእመን ሳይሰማና ሳይማር በኮተስሎ የተጻፈው ወረቀት ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆም አልቻለም።

ከፈረሙት አንዱ ቤየርስ ኖደ ግን ፊርማውን አልሻረም። በቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ማዕርግ የነበረው፥ የወገኑ ስውር ማኅበር አባል የነበረና ለላቀ ሹመት የሚታሰብ ሰው ነው። በ1963 ዓ.ም. ጥቁርና ነጭ ክርስቲያኖችን የሚያገናኝ ተቋም ሲመሠርት ክህነቱን ወሰዱበት። በ1977 ዓ.ም. መንግሥት ተቋሙን ዘጋ፤ እርሱንም ከአንድ ሰው በላይ ጋራ በአንድ ጊዜ እንዳይገናኝ አግዶ ሰባት ዓመት አስቀመጠው።

በዚህ መካከል የደቡብ አፍሪቃ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የሠራውን ሥራ ስንመለከት፥ ከመግለጫዎቹ ይልቅ የምናደንቀው ዝቅ ያለውን አገልግሎት ነው። ለተከሰሱት ጠበቃ ይገዛ ነበር፤ ለእስረኞች ሚስቶችና ልጆች ቀለብና የመንገድ ገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ ወደ ሮበን ደሴት ለጥየቃ ለሚሄዱትም በኬፕ ታውን ማረፊያ ቤት ነበረው። አንዲት ሴት ከሩቅ አገር መጥታ ባልዋን በመስታወት አሻግራ ለማየት ስትችል፥ የአንግሊካኑና የሜቶዲስቱ የሉተራኑም ገንዘብ በአንድ ከረጢት ገብቶ ነው። አብዛኛው ገንዘብ ግን ከአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት የሚመጣ ነበር። አፓርታይድ ካለፈ በኋላ ይህ ገንዘብ ሲቀንስ የጉባኤው ኃይል እጅግ ደከመ። ካህናት አንባቢዎቻችን ይህን ልብ ቢሉት መልካም ነው።

ገንዘብ ካነሣን፥ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ በ1970 ዓ.ም. 200,000 ዶላር ለ19 ዘረኝነትን ለሚቃወሙ ድርጅቶች ሲሰጥ ብዙ ክርክር ተነሣ፤ ከእነርሱ አንዳንዶቹ መሣሪያ ያነሡ ነበሩና። ገንዘቡ ለሕክምናና ለትምህርት የሚውል ነው ቢባልም ተቈጣጣሪ አልተሾመበትም። በ1971 ዓ.ም. መባቻ የጉባኤው ማዕከላዊ ኮሚቴ በከተማችን በአዲስ አበባ ተሰብስቦ ነገሩን ከመረመረ በኋላ ሥራው እንዲቀጥል ወሰነ። ጠቅላይ ሚኒስትር ፎርስተር በአገሩ ያሉት አባሎች እንዲወጡ ቢያስገድድም፥ እነርሱ ስጦታውን ነቀፉ እንጂ ከኅብረቱ አልወጡም። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ለሮዴዝያ ታጋዮች 85,000 ዶላር ሲሰጥ፥ ሳልቬሽን አርሚ የተባለው ማኅበር አባልነቱን አቋረጠ። የወጡት ያለ ምክንያት ወጡ አንልም፤ ደም የሚያፈስ እጅን መርዳት ለክርስቲያን ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም እየተከራከሩ በአንድነት የቆዩት የሚበልጠውን ሥራ የሠሩ ይመስለናል።

ነገሩ ወደ ተነሣበት ወደ ማዕዱ የተመለሰው በ1982 ዓ.ም. ነው። የሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናት የዓለም ኅብረት በካናዳ አገር በኦታዋ ሲሰበሰብ፥ ከደቡብ አፍሪቃ የመጡ ጥቁሮችና ክልሶች መልእክተኞች፥ በአገራችን ከእኛ ጋራ ለመቍረብ እንቢ ካሉን ጋራ በዚህ አንቈርብም ብለው ቀሩ። ጉባኤውም አፓርታይድን በሃይማኖት ማጽደቅ ኑፋቄ ነው ብሎ ፈረደ፤ ሁለቱን የነጮች አብያተ ክርስቲያናትም ከአባልነት አገደ። ኮተስሎ ምክር ሰጥቶ ነበር፤ ኦታዋ ግን ከማዕድ ለየ። በዚያው ዓመት፥ በ1881 ተለይታ የተቋቋመችው የክልሶች ቤተ ክርስቲያን በቤልሃር አንድነትን፥ ዕርቅንና ፍርድን የሚመሰክር የእምነት ጽሑፍ አዘጋጀች፤ በ1986 ዓ.ም. አጸደቀችው። የተገፋችው ልጅ እናቲቱን አስተማረች።

በ1988 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪቃ ጉባኤ መሥሪያ ቤት በቦምብ ፈረሰ፤ በማግሥቱ ዓመት ዋና ጸሐፊው ቄስ ፍራንክ ቺካኔ በልብሱ ላይ በተደረገ መርዝ ሊሞት ነበር። የፖሊስ ሚኒስትር የነበረው አድሪያን ፍሎክ በ2006 ዓ.ም. ወደ ቺካኔ ቢሮ ሄዶ እግሩን አጠበ። በጸሎተ ሐሙስ እግር የሚያጥቡ ካህናት የዚህን ክብደት ያውቁታል።

የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ወደ ዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የተመለሰችው በ2016 ዓ.ም.፥ ከወጣች ከ55 ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ግን የቤልሃርን ጽሑፍ በሕገ ቤተ ክርስቲያኗ ለማስገባት እስከ 2015 ዓ.ም. የተሰጠው ድምፅ በየአውራጃው ሲኖዶስ ሳይበቃ ቀርቶ ነበር፤ ያ ጽሑፍ ከተገፋችው ልጅዋ ጋራ አንድ የምትሆንበት መንገድ ሲሆን፥ በጄኔቭ በሩ ሲከፈትላት በገዛ አገርዋ ያለው ውሕደት ገና አልተፈጸመም ነበር።