የሱፍ ክር ቤትና የነፍሰ ገዳይ ፍለጋ

በየዓመቱ በዚህች መጽሔት ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ አገር ፍቅር የሚጽፉ ጓደኞች ስለማይጠፉ፣ እኔ ብዙ ሰው ከቁም ነገር ስለማይቈጥረው ጉዳይ ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ። ጉዳዩም በሹራብ ሠሪዎችና በሱፍ ክር ሻጮች መካከል ስለሚደረግ የነፍሰ ገዳይ ፍለጋ የሚተርኩ መጻሕፍት ነው። «እንደዚህ ያለ መጽሐፍ ደግሞ አለ ወይ?» የሚል ሰው ይኖራል። አለ፤ አንድና ሁለት ብቻም አይደለም፤ በአሜሪካ አገር የታተመው ብቻ አንድ ትልቅ መደርደሪያ ይሞላል።

ያላነበበ ሰው እንዲከተለኝ ሁለቱን ላንሣ። ማጊ ሴፍተን የተባለች ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ኬሊ ፍሊን የምትባል ወጣት አክስቷ ተገድላባት ወደ ኮሎራዶ ትመጣለች። በአክስቷ ቤት አጠገብ የሱፍ ክር መደብር አለ፤ በዚያም ሴቶች ጠረጴዛ ከበው ሹራብ ይሠራሉ። ኬሊም ከእነርሱ ዘንድ ሹራብ መሥራት እየተማረች የገዳዩን ፈለግ ትከተላለች። ሳሊ ጎልደንባም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው መጽሐፍ፣ በማሳቹሴትስ የባሕር ዳር ከተማ፣ ከአንድ የክር መደብር ፎቅ ላይ ተከራይታ ትኖር የነበረች ሴት ባሕር ውስጥ ሞታ ትገኛለች። በመደብሩ የሚሰበሰቡት አራት ሴቶች «አደጋ ነው» የሚለውን ቃል አንቀበልም ብለው ነገሩን እስከ ጫፉ ይከታተሉታል።

በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ደም ሲፈስ አይታይም። ገዳዩም ከሩቅ የመጣ ሽፍታ ሳይሆን ሁሉም የሚያውቀው፣ ሰላምታ የሚሰጠው ሰው ነው። ሴቶቹ ቡና ይጠጣሉ፣ ኬክ ይበላሉ፣ ያወራሉ፤ ከወሬውም መካከል የነገሩ ውል ይገኛል። በብዙዎቹ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የሹራብ አሠራርና የምግብ አዘገጃጀት ታትሞ ይገኛል፤ ይህ እኔን ያሥቀኛል፤ ገዳዩ ከተያዘ በኋላ «በሉ እንግዲህ ሻርፕ እንሥራ» እንደ ማለት ነውና። ፈረንጆች ለዚህ ዓይነት ድርሰት ያወጡለት ስም ወደ ቋንቋችን ቢመለስ «ሞቅ ያለና የሚመች» እንደ ማለት ይሆናል።

የእነዚህ ሴቶች ሁሉ ቅድመ አያት ሚስ ማርፕል ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም። እንግሊዛዊቱ አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመችው ልብ ወለድ የምናገኛቸው እኒህ ሴት፣ ባል ያላገቡ፣ በትንሽ መንደር የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ከእጃቸውም የሹራብ ሥራ አይለይም። ሹራብ የምትሠራን አሮጊት የሚፈራ ሰው ስለሌለ ሁሉም በፊታቸው እንደ ልቡ ይናገራል፤ እሳቸውም ዐይናቸውን ከመርፌው ሳያነሡ ይሰማሉ። (ቻርልስ ዲከንስ ግን እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ሁለት ከተሞች በጻፈው መጽሐፍ ሹራብ ሠሪዋን በተቃራኒው አድርጎ ሥሏታል። ማዳም ዴፋርዥ የሚገደሉትን ሰዎች ስም በምትሠራው ሹራብ ውስጥ በምልክት ትመዘግብ ነበር። ስለዚህ መርፌ ይዛ ዝም ያለች ሴት ሁሉ የዋህ አይደለችም።)

እንግዲህ ይህ ነገር ለእኛ ምናችን ነው? የምትሉኝ እንደ ሆነ፣ ለሰሜን ሸዋ ሰው ከማንም ይልቅ የቀረበ ነው ብዬ እመልሳለሁ። እኛ የሱፍ አገር ልጆች ነን። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የአንኮበርና የመንዝም ብርድ ከእኛው ቢብስ እንጂ አያንስም። የመንዝ በግ ጸጉሩ ሻካራ ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ ሸልቶት፣ ታጥቦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎ፣ በሸማኔ እጅ ካለፈ በኋላ ባና ይሆናል። ባናውም ብዙውን ጊዜ ቀለም ሳይነካው በበጉ በራሱ ጥቁረትና ቡናማነት ይለበሳል። በርኖስም ከዚሁ ወገን ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በከተማችን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲቋቋም ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም።

ክሩን የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው። እናቶች ከቡናው አጠገብ እንዝርታቸውን እያሾሩ የሚነጋገሩትን ያዳመጠ ሰው የትኛው ጋብቻ እንደ ላላ፣ የማን ልጅ ከቤት እንደ ወጣ፣ የትኛው ድንበር ላይ ነገር እንደ ከረረ ይሰማል። አያቴ ከገበያ የመጣ ክር በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ይኸ የእገሊት ፈትል ነው» ይላሉ። እንዴት አወቁ? ብዬ ስጠይቃቸው፣ «የእጅ ጽሕፈት እንዴት ይታወቃል?» ብለው መለሱልኝ፤ እሳቸው ግን ፊደል አልቈጠሩም። ከዚያ ወዲህ ሚስ ማርፕልን ባነበብሁ ቍጥር እንግሊዛዊት አሮጊት አልታይህ ብላኝ ነጠላ የለበሱ አያቴ ይታዩኛል።

በአማርኛም ስለ ወንጀል የተጻፈ አልጠፋም። ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ በመድረስ፣ ማሞ ውድነህ ደግሞ የስለላ ታሪኮችን ወደ አማርኛ በመመለስ ብዙ አንባቢ አፍርተዋል። ነገር ግን እኔ እጄ ገብተው ባነበብኋቸው ሁሉ ፈላጊው ወንድ ነው፤ ወይ ፖሊስ ነው፣ ወይ ሰላይ፤ ሽጉጥና መኪና አያጣም። እንዝርት የያዘች ሴት ብትገኝ ቡና ለማቅረብ ነው።

በድሮ ዘመን አገራችን ወንጀለኛን የምትፈልግበት የራስዋ መንገድ ነበራት። አንዱ ሌባ ሻይ ነው፤ ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ያጠጡትና በመቀነት ይዘው ይለቁታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ስለዚህኛው ብዙ አልናገርም፤ ስንት ንጹሕ ሰው እንደ ተጐዳበት ማሰብ ይበቃል። ሁለተኛው ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነው፤ እሱም አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለው ነው። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሰወር የአካባቢው ሕዝብ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። እያንዳንዱም እየማለ ያየውንና የሰማውን ይጠየቃል። የቀረ ሰው ይቀጣል፤ አጥፊው ካልተገኘ ካሣው በአገሬው ሁሉ ላይ ይወድቃል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፉት «አፈርሳታ» የተባለው ልብ ወለድም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው፤ የአንድ ሰው ጎጆ ይቃጠላል፤ መንደሩም ያቃጠለው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ደጋግሞ ይሰበሰባል። እንግዲህ በጠባብ መንደር ውስጥ በጎረቤት የሚደረግ የወንጀለኛ ፍለጋ ከፈረንጅ የምንማረው አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ነገር ግን በአውጫጭኙ ሜዳ ላይ የሚጠየቁት በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ምሽት ላይ በማን ደጅ ማን እንዳለፈ የምታውቀው ግን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ስትፈትል የዋለችው ሴት ናት። እስዋን ማን ጠየቃት? የክር ቤቱ መጻሕፍት ለእኔ ያላቸው ትልቁ ዋጋ ይህ ነው፤ ያልተጠየቀችውን ሴት ይጠይቋታል።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ። «ጊዜ ማባከን ነው» የሚለውን አልፈዋለሁ፤ ኳስ ስናይ ይህን የሚለን የለም። አንድ የማከብራቸው ሰው ግን ስለዚህ ጽሑፍ ሳጫውታቸው እንዲህ አሉኝ፤ «ሞትን መጫወቻ የሚያደርግ ሰው ሞት ያላየ ነው። እኛ ሞት ባየንበት አገር ላይ ሆነን ነፍስ ስለ ጠፋበት ነገር እየሣቁ ማንበብ ነውር ነው።» ይህን ቃል ብዙ ቀን ሳወጣና ሳወርድ ቈይቻለሁ። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ሲደርስ እኛ ገና ልጆች ነበርን፤ ነገር ግን የማናስታውስ አይደለንም። ከየቦታው ተፈናቅለው ወደ ደብረ ብርሃን የመጡ ልጆች ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጠው ተምረዋል። አባቱ በማን እጅ እንደ ሞተ የማያውቅ ልጅ አጠገብ ተቀምጦ የነፍሰ ገዳይ ታሪክ መግለጥ ቀላል አለመሆኑን አውቃለሁ።

ሆኖም በመጨረሻ የደረስሁበት ሐሳብ ከእሳቸው ይለያል። በዚያ ሰሞን ሞት ወደ ጆሯችን ይደርስ የነበረው በቍጥር ነው፤ «ይህን ያህል ሰው ሞተ» ተብሎ ይነገርና ወዲያው ሌላ ዜና ይቀጥላል። ያ ሰው ማን ነበር? ባና ይሸጥ ነበርን? ቂመኛ ነበርን? ማን ይወደው ነበር? የሚል የለም። በክር ቤቱ መጽሐፍ ግን አንዲት አክስት ትሞታለች፤ ስለዚያች ስለ አንዲት አክስት ሦስት መቶ ገጽ ይጻፋል። ሹራቡ ይቀመጣል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ጎረቤት ሁሉ «ማን ገደላት? ስለ ምን?» እያለ ዕንቅልፍ ያጣል። ስለ አንድ ሰው ሞት ይህን ያህል የሚጨነቅ ድርሰት ሞትን ንቋል ሊባል አይችልም። ሞትን የናቀው «ይህን ያህል ሰው» ብሎ የሚያልፈው ነው። እኔ እንዲያውም ያ ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ እንዲህ ያለ መጽሐፍ በእጁ ቢገባ፣ ጥያቄው የሰው ሁሉ ጥያቄ ሊሆን ይገባው እንደ ነበር ያገኝበት ይመስለኛል።

ይህን ስል የመጻሕፍቱ ጉድለት አይታየኝም ማለት አይደለም። ጉድለታቸው ሌላ ቦታ ነው። ገዳዩ ታውቆ ፖሊስ ሲወስደው መጽሐፉ ያልቃል፤ ሴቶቹም ወደ ሹራባቸው ይመለሳሉ። ለቅሶ የለም፤ ተዝካር የለም፤ የገዳዩ እናት በዚያች ትንሽ ከተማ ውስጥ ከዚያ በኋላ እንዴት ገበያ እንደምትወጣ የሚነግረን የለም። በእኛ አገር ግን ገዳዩ ሲታወቅ ገና ግማሹ መንገድ ነው። የሟች ወገን ደም ለመመለስ ይነሣል፤ የገዳይ ዘመድ አገር ጥሎ ይሸሻል፤ ከዚያ ሽማግሌዎችና መስቀል የያዙ ካህናት በመካከል ገብተው ካሣ ተቈርጦ ደም እስኪደርቅ ድረስ ሁለት ቤተ ሰብ ዕንቅልፍ የለውም። ፈረንጆቹ ማን ገደለ? የሚለውን ጥያቄ በብልሃት ፈትተውታል፤ ከተፈታ በኋላ አንድ ምንጭ የሚቀዱት ሰዎች እንዴት ይኑሩ? የሚለውን ግን አልነኩትም። ይህንን ክፍል ሊጽፈው የሚችለው ዕርቅ ላይ ተቀምጦ ያየ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በየቤታችን አለ።

ስለዚህ በትምህርት ቤታችን ድርሰት የምትወዱ ጓደኞቼ ሆይ፣ የኮሎራዶንና የማሳቹሴትስን ክር ቤት አንብቡት፤ ስታበቁ ግን ስለ መንዝ ፈታዮች ጻፉ። እኔ ጀምሬአለሁ። ሟቹ የባና ነጋዴ ነው። ከአልዩ አምባ ገበያ ወደ አንኮበር ሲወጣ ዳገቱ ላይ ወድቆ ይገኛል፤ ሰው ሁሉ «በቅሎው ጣለችው» ይላል። በጣቶቹ መካከል ግን ጥቂት ጥቁር ክር ተይዞ ተገኝቷል። ምሳሌ እንዲሆነኝ ስለ ክሩ አያቴን አማከርኋቸው፤ እሳቸውም ጉዳዩን እውነት አስመስለው ያዙት። «ወደ ግራ የከረረ ከሆነ በግራ እጅዋ የምትፈትል ናት» አሉኝ። ስለዚህ በታሪኬ መንደር ውስጥ በግራ እጃቸው የሚፈትሉ ሦስት ሴቶች አኖርሁ። ሁለቱን አያቴ ገና ከአሁኑ ነጻ አውጥተውብኛል፤ አንደኛዋ በዚያ ሳምንት አራስ ነበረች፤ ሁለተኛዪቱ ጥቁር በግ የላትም። ሦስተኛዪቱን ስጠራላቸው ግን እንዝርቱን አቁመው «እስዋ እንኳ አትገድልም፤ ባናውን የሰጠችው ለማን እንደ ሆነ ጠይቅ» አሉኝ። እስካሁን እየጠየቅሁ ነው።