ሥራ ያጣ ሕንጻ ዕድሜ የለውም

የጅቡቲን ወደብ ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኝ የነበረው የቀድሞው ምድር ባቡር ተግባሩን ለኤሌክትሪኩ ባቡር ካስረከበ ዓመታት ተቆጥረዋል። አዲሱ መሥመር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የመንገደኛው መነሻና መድረሻ ከከተማይቱ ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ናጋድ ዞረ። በከተማይቱ ውስጥ ያለው አሮጌ ጣቢያ ግን መንገደኛ አልባ ሆኖ ቀረ። ዛሬ የምናነሣው የዚህኑ ጣቢያ ዕጣ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ለሐዲዱ ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ወደ 784 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መሥመር በሐሩርና በውሃ ጥም እየተፈተኑ የዘረጉት የአፋር፣ የሶማሌ፣ የዐረብና የሌሎችም ወገኖች ወዝ አደሮች ናቸው። በ1969 ዓ.ም. በምሥራቅ ጦርነት ሲነሣ ድልድዮቹ ፈርሰው መሥመሩ ተቆርጦ ነበር። ያን ጊዜ በግንባር የነበረ ወታደርም ሆነ ከገበያው ዕቃ የጠፋበት የከተማ ነዋሪ የዚህን ሐዲድ ዋጋ የሚነግረው አያሻውም።

አሮጌ ቤት የሚፈርሰው በፀሐይና በባሕር ጨው ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲለየው ጭምር ነው። በሩን መቆለፍና ዘበኛ ማቆም ጥበቃ መስሎ ቢታይም ጥፋቱን ከማዘግየት አያልፍም። ስለሆነም ጣቢያው አዲስ ሥራ ይሰጠው እንላለን። በእኛ እምነት የሚስማማው ሥራ ማስተማር ነው። በአንድ ወገን የብረታ ብረትና የጥገና ሙያ ትምህርት ቤት፣ በሌላው ወገን የምድር ባቡሩን ታሪክ የሚያሳይ ቤተ መዘክር ሊሆን ይችላል።

የወደብ ከተማ መሬት ውድ ነው፤ ውሃና መኖሪያ ቤት ይቀድማሉ የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን እኛ የምንጠይቀው ለጌጥ የሚቆም ባዶ ሕንጻ አይደለም። የኤሌክትሪኩ ባቡርም ቢሆን ጠጋኝ ይፈልጋል፤ ሙያ የሌለው ወጣትም የሚማርበት ቦታ ይሻል።

ምድር ባቡሩ የሁለቱ አገሮች የጋራ ሀብት ሆኖ ኖሯል። በአዲስ አበባ አንድ ሠፈር እስከ ዛሬ በጣቢያው ስም ለገሃር ይባላል፤ ድሬዳዋም ከተማ የሆነችው በዚሁ ሐዲድ ነው። እንግዲህ የመነሻው ጣቢያ ጉዳይ የጅቡቲ ብቻ ሳይሆን የኛም ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ጊዜው ነው። ግድግዳ ቢፈርስ በገንዘብ ይገነባል። የአሮጌውን ባቡር ሞተር በድምፁ ብቻ ሕመሙን የሚለዩት አንጋፋ ሠራተኞች ካለፉ በኋላ ግን ዕውቀታቸውን የሚመልስ ገንዘብ የለም። የሁለቱ አገሮች ባለሥልጣኖች ጣቢያውን ሲከፍቱ እነዚህን አባቶች መምህራን አድርገው ያስቀድሙ ዘንድ አጥብቀን እናሳስባለን።