በቤት ውስጥ ስለሚመታ የኤሌክትሪክ ድራም አመራረጥ

ድራም የሚባለው፥ አንድ ሰው ተቀምጦ በሁለት እጁና በሁለት እግሩ የሚመታው የከበሮ ጓዝ፥ ዛሬ ብዙ ወጣቶች ልባቸውን የጣሉበት መሣሪያ ሆኗል። ነገር ግን እውነተኛው ድራም በኃይል ሲመታ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል ስለሚያልፍ፥ ግድግዳውና ወለሉ ከጎረቤት ጋራ በተያያዘ ቤት ውስጥ ለማስገባት አይመችም። ስለዚህ ወላጆች ወይ የልጁን ፍላጎት መከልከል፥ ወይ የኤሌክትሪኩን ድራም መግዛት ግድ ይሆንባቸዋል። እኛ ሁለተኛውን እንመክራለን፤ ሆኖም ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ዕቃውን ማወቅ ይገባል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቆዳ በተወጠረበት በርሜል ፈንታ ክብ ክብ ገበታዎች በብረት ዘንግ ላይ ይታሰራሉ። ከእያንዳንዱ ገበታ በታች መንቀጥቀጥን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ፒዬዞ የሚባል ቍራጭ አለ። ዱላው ባረፈ ጊዜ ይህ ቍራጭ የምቱን ኃይል ለድምፁ ሣጥን ያስታውቃል፤ ሣጥኑም ያንን የሚመስለውን የከበሮ ድምፅ መርጦ በጆሮ ማዳመጫ ያሰማል።

ሻጮች አብልጠው የሚያመሰግኑት በሣጥኑ ውስጥ ያለውን የድምፅ ብዛት ነው። ይህ ገዢውን ሊያታልለው አይገባም፤ ጀማሪ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ከጥቂቶቹ በቀር አይነካምና። አስቀድሞ መታየት ያለበት ዱላው የሚያርፍበት ፊት ነው። በማኅሌት ቆሞ ከበሮ የመታ ሰው ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል፤ ዜማው ከመረግድ ወደ ጽፋት እየፈጠነ ሲሄድ መቺውን የሚያግዘው የተወጠረው ቆዳ እጁን ወደ ላይ መመለሱ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሲሞንስ የተባለው ኩባንያ ስድስት ማዕዘን ገበታ ያለውን የኤሌክትሪክ ድራም ባወጣ ጊዜ፥ ፊቱ ደረቅ ፕላስቲክ ስለ ነበረ ብዙዎች መቺዎች የእጃቸውን አንጓ አመማቸው። በ1997 ዓ.ም. የጃፓኑ ሮላንድ ቲ ዲ 10 በተባለው ድራም ላይ ከመረብ የተሠራ ፊት አወጣ። መረብ እንደ ቆዳ ይወጠራል፥ ይላላል፤ ሲመታም ከጎማ ይልቅ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ዛሬ ሁለቱም ይሸጣሉ፤ ጎማው ይረክሳል። ገንዘብ ያጠረው ሰው ቢያንስ በመካከል የሚቀመጠው፥ ስኔር የሚባለው ገበታ መረብ እንዲሆን ይሻ፤ እጅ የሚማረው በርሱ ላይ ነውና።

ከፊቱ ቀጥሎ፥ በፎቅ ቤት ለሚኖር ሰው እንዲያውም ከፊቱ ይልቅ፥ ሊታሰብበት የሚገባው በእግር የሚመታው ከበሮ ነው። ማዳመጫ በጆሮው ያደረገ ልጅ ሲመታ በክፍሉ ውስጥ ለቆመ ሰው ከዱላው ትክትክታ በቀር ብዙ የሚሰማ የለም፤ ወላጆችም ቤታችን ጸጥ አለ ብለው ደስ ይላቸዋል። መርገጫው በተረገጠ ቍጥር ግን መምቻው ገበታውን ይደልቃል፤ ድለቃውም በብረቱ እግር አልፎ ወደ ወለሉ ይገባል፤ ወለሉም ለታችኛው ቤት ጣራ ያቀብለዋል። ምንጣፍ ይህን አያቆመውም።

በአንድ የጋራ መኖሪያ ቤት በ3ኛው ፎቅ የሚኖር ዘመዴ ለልጁ ድራም በገዛ በሁለተኛው ሳምንት፥ ከበታቹ የሚኖሩ አንዲት ወይዘሮ ወደ ደጁ መጡ። ታመው የተኙት ባለቤታቸው ማታ ማታ በራሳቸው ላይ ሙቀጫ የሚወቀጥ ይመስላቸው ነበር። ዘመዴ ቤቱ ጸጥ ያለ መሆኑን በመሐላ ጭምር ቢናገር፥ ወይዘሮዋ ወደ ታች ይዘውት ወርደው ካልጋው አጠገብ አቆሙት፤ ልጁም ከላይ መምታቱን ቀጠለ። ዘመዴ ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

መድኃኒቱ ውድ አልነበረም። ሁለት ወፍራም ኮምፔንሳቶ አስቈረጠ፤ በታችኛው ላይ ክብ ቀዳዳዎች አስበሳ፤ የቴኒስ ኳሶች እንዳይንከባለሉ በቀዳዳዎቹ አስቀምጦ ላይኛውን ሳንቃ በኳሶቹ ላይ አሳረፈ። ድራሙም የመቺውም ወንበር ከላይኛው ሳንቃ ላይ ይሆናሉ፤ ሳንቃው ግድግዳ መንካት የለበትም። ይህ ድለቃውን ፈጽሞ አያጠፋውም፤ እጅግ ግን ይቀንሰዋል። የቀረውን በስምምነት ጨረሱት፤ ልጁ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ይመታል፥ ሕመምተኛውም በዚያ ሰዓት ከመኝታቸው ተነሥተው በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። መምቻ የሌለው መርገጫም ይገኛል፤ ጸጥታው ይበልጣል፥ ነገር ግን እግር የመምቻውን ክብደት ሳይለምድ ይቀራል። ከታች ሰው ለሌለበት ቤት ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም።

ጎረቤት ዐረፈ ማለት የልጁ ጆሮ ዐረፈ ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ሊሰማ ይቻላል፤ 90 ዴሲቤል ከሆነ ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። ከውጭ የሚገባውን ድምፅ የሚዘጋ፥ ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን ማዳመጫ ቢመረጥ፥ ልጁ የዱላውን ትክትክታ ለማሸነፍ ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልገውም። ገመድ የሌለው ማዳመጫ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ድምፁ ከምቱ በኋላ ዘግይቶ ይደርሳልና ተማሪውን ከምት ያስወጣዋል። ሣጥኑም ዘፈን ከስልክ የሚቀበልበት ቀዳዳ እንዳለው ይታይ፤ የራሳችንን ችክችካ ለመማር ከዘፈኑ ጋራ አብሮ ከመምታት የተሻለ መንገድ አላየሁም።

ወንበርና ማዳመጫ፥ አንዳንድ ጊዜም የእግሩ መርገጫ፥ ከድራሙ ጋራ ስለማይመጡ ዋጋቸው አስቀድሞ ይጠየቅ። ያገለገለ የሚገዛ ሰው እያንዳንዱን ገበታ በቀስታ ይምታ፤ የደከመ ገበታ ኃይለኛውን ምት እየተቀበለ ቀስ ያለውን ይውጠዋል። ዘመድ ካሜሪካ የሚልከው ከሆነም በኤሌክትሪክ መቀበያው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉ ይታይ፤ የዚያ አገር 120፥ የእኛ 220 ነውና፥ ለ120 ብቻ የተሠራው እዚህ በተሰካበት ጊዜ ይቃጠላል።