አራሷን ማን ጠየቃት?

ባለፈው አራስ ልጠይቅ ብርብር ሄጄ ነበር። ገንፎው ቀርቧል፤ ሕፃኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እናቲቱ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅሳለች። «ዓይን ነው» አለች አንዷ። «ቅብጠት ነው» አለች ሌላዋ።

እስቲ ቡዳውን ትተን ስለ አንጎል እናውራ። አንጎላችን ራሱ ከኮሌስትሮል ስቴሮይድ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1981 ፈረንሳዊው ኤቲየን ኤሚል ቦልዩ «ኒውሮስቴሮይድ» ብሎ ሰየማቸው። ከእነዚህ አንዱ፣ አሎፕሬግናኖሎን፣ ጋባ የተባለውን ንጥረ ነገር እያገዘ ነርቮችን ያረጋጋል። በእርግዝና ጊዜ ይበዛል፤ ከወሊድ በኋላ በቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላል። ሁሉም እናት በዚህ አትታመምም፤ አንዳንዷን ግን ለድብርት ሳያጋልጣት አይቀርም። እሱን መሰል እንክብል፣ ዙራኖሎን፣ በ2023 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል።

እኛ ግን እንክብሉ ምዕራብ ዓባያ እስኪደርስ ለምን እንጠብቃለን? ሕፃኑ በ45 ቀኑ ሲከተብ እናቲቱንም «እንቅልፍ ይወስድሻል? ሆድ ይብስሻል?» ማለት ገንዘብ አይጠይቅም። ለቅሶው ሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ ቦታው ጤና ጣቢያ ነው።

እናንተስ? መጨረሻ ጊዜ «አራስ ጠየቅን» ስትሉ የጠየቃችሁት ማንን ነበር?