አስጠኚ አለ!

ከመገናኛ እስከ አያት ባለው መንገድ ወረቀት ያልተለጠፈበት የመብራት ምሰሶ ማግኘት ያስቸግራል። «የቤት ለቤት አስጠኚ አለ» ይላል ወረቀቱ። እኔ በምኖርበት በገርጂ ሦስት አስጠኚ ያለው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አውቃለሁ፤ አንዱ ለሒሳብ፣ አንዱ ለእንግሊዝኛ፣ ሦስተኛው የቤት ሥራውን ለመሥራት። ለመሥራት ነው ያልሁት፤ ለማሠራት አላልሁም።

ይህን የታዘቡ ዘመናውያን ወዳጆቼ ደግሞ መድኃኒቱን አግኝተዋል። «ሁሉ ነገር ስልክ ውስጥ ባለበት ዘመን መምህር ምን ያደርጋል? ልጁ ራሱን ያስተምር!» ይሉኛል፣ ቦሌ ላይ ማኪያቷቸውን እያማሰሉ። እኔ ግን ወላጁም ወዳጆቼም የሳቱት አንዱን ነገር ነው ባይ ነኝ። ሁለቱም መምህር ማለት ዕውቀት እየቀዳ የሚያጠጣ አሳላፊ ይመስላቸዋል። አንዱ አሳላፊ ያበዛል፤ ሌላው አሳላፊውን አሰናብቶ ጋኑን ከልጁ ፊት ያስቀምጣል።

በመሠረቱ ራስን ማስተማር ከስልክ ጋር የመጣ ጥበብ አይደለም። የቅኔ ቤትን ሥርዐት አስታውሱ። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፣ ምሥጢሩን ያብራራሉ፤ ከዚያ ተማሪው ብቻውን ዱር ይወርዳል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤቱ መወድስ እስኪደርስ የራሱን ይቆጥራል። የሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ሲመለስ ከየኔታ ፊት ቆሞ ይነግራል። እርሳቸው ይሰማሉ፤ ሰሙ ከወርቁ አልገጥም ሲል ያርማሉ፣ አለዚያም «ሂድ፣ እንደገና» ይሉታል። ልብ በሉልኝ፤ ቀኑን ሙሉ የለፋው ተማሪው ነው፤ የለፋው ግን ማታ የሚሰማው እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። (ረሃቡንና አለንጋውን እያሞገስሁ እንዳይመስላችሁ!)

እኛ የጣልነው ይህንን መስማት ነው። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ሲገባ፣ ደቡብ አፍሪካ የተቀረፀ ትምህርት በሳተላይት እየመጣ ክፍለ ጊዜውን ወሰደው። ለመምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተጣለለት። ፕላዝማው በእንግሊዝኛ ይገሠግሣል፤ እጅ ያወጣ ልጅ አይታየውም። የስልኩ ቪዲዮ በእርግጥ ይሻላል፤ ይቆማል፣ ይደገማል። ሆኖም ልጁ ሳይገባው የገባው ሲመስለው «እስቲ ንገረኝ» የሚለው አንደበት የለውም። አስጠኚውም ያው ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ራሱ ተናግሮ ይሄዳል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወስዶ ኩረጃው ሲጠብ ምን ታየ? 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 የትምህርት ዘመን ከመቶ 3.3፣ በ2015 ከመቶ 3.2 ብቻ! ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱም፣ ድህነቱም አለበት። ነገር ግን ከነዚያ ልጆች ስንቱ፣ ያጠናውን በራሱ አፍ እንዲናገር ከፈተናው በፊት አንድ ቀን ተጠይቆ ያውቃል?

የቦሌና የሲኤምሲ ወላጆች፣ አስጠኚውን አባሩት አልልም። ብዙዎቹ ደመወዝ ያልበቃቸው መምህራንና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ እንጀራቸው አይነካ። ዛሬ ማታ ሲመጣ ግን ደብተሩ ይከደን። ልጁ ይናገር፣ አስጠኚው እግሩን አጣጥፎ ይስማ። ያልገባው ነገር ሲገኝም ዐርሞ አይስጠው፤ እስከ ነገ ማታ ራሱ ፈልጎ ያምጣ። ዝም ብሎ ተቀመጠ ተብሎም ክፍያው አይቀነስበት።