«በሞቴ!» እያልን ስለ ሞት አናወራም

ሰው ቤት ገብታችሁ «ጠግቤያለሁ» ስትሉ ምን ትባላላችሁ? «በሞቴ! አፈር ስሆን!» አይደል? እናት ልጇን ስታቆላምጥ እንኳ «አንተው ቅበረኝ» ነው የምትለው። ቀኑን ሙሉ ሞትን ስንጠራ እንውላለን። እውነተኛው ሞት መጥቶ አልጋ አጠገብ ሲቀመጥ ግን ሁላችንም ጭጭ!

እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። የኛ ሰው ከሞት በኋላ ያለውን ነገር ያውቅበታል። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ያ አጥንት ድረስ የሚገባ ብርድ ሳይለቅ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጅ ይቆማሉ። የእድር ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም። ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ ሁሉም ወግ አለው። በየወሩ ለእድር የምንከፍለው እኮ ለሞታችን ነው! ታዲያ ይሄን የመሰለ ሥርዓት ያለው ሕዝብ ከሞት በፊት ያለችው ጊዜ ላይ ሲደርስ ለምንድነው መላው የሚጠፋበት?

አንድ የሰፈራችንን እናት ላንሳ። ካንሰር ነበር። ሐኪሙ ለልጆቻቸው ነገራቸው፤ ልጆቹ ደግሞ «እማማ እንዳይሰሙ» ተባብለው ጨጓራ ነው አሏቸው። አረብ አገር ላለችው ልጃቸውም «በሰው አገር ትደነግጣለች» ተብሎ ሳይነገራት ቀረ። በስልክ በደወለች ቁጥር «ትንሽ አሟቸው ነው፣ እየተሻላቸው ነው» ስትባል ከረመች። የነገሯት ከተቀበሩ በኋላ ነው። የሚገርመው ግን እሳቸው ያውቁ ነበር። ሊጠይቋቸው ለሄደችው እናቴ «ልጆቼ እንዳይጨነቁብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» ብለዋታል። አስቡት! ልጆቹ ከእናታቸው ደበቁ፣ እናት ከልጆቿ ደበቀች፣ ሁሉም ያንኑ አንድ ነገር። በመሐል ስንብት ቀረ። ምርቃት ቀረ።

ይሄ የድሀ ቤት ችግር ብቻ አይደለም፤ ቤተ መንግሥትም ገብቶ ያውቃል። አፄ ምኒልክ የኛው አገር ሰው ናቸው፤ አንጎለላ ተወልደው፣ አንኮበር ላይ የሸዋ ንጉሥ ሆነው የኖሩ። ሕመሙ ሲጠናባቸው፣ በግንቦት 1901 ዓ.ም.፣ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሻቸው አድርገው በአዋጅ አስነገሩ። ከሳቸው በኋላ የሚሆነውን ራሳቸው ለአገር ተናገሩ ማለት ነው። በታኅሣሥ 1906 ሲያርፉ ግን በዙሪያቸው የነበሩት ሞቱን ደበቁት። ለእንደዚያ ያለ ንጉሥ የሚገባው ለቅሶ በወቅቱ አልተለቀሰም። ልጅ ኢያሱም ዘውድ ሳይጭኑ በመስከረም 1909 ከሥልጣን ወረዱ። በወሩ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ሰገሌ ላይ፣ ወገንና ወገን ተጋጥሞ ብዙ ሰው አለቀ። ሰገሌን ያመጣው የሞቱ መደበቅ ነው እያልኩ አይደለም፤ ብዙ ሌላ ምክንያት ነበረው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው፦ ሟቹ ደፍረው የተናገሩትን፣ ቀሪዎቹ ፈሩት።

ዛሬም በየቤታችን የሚሆነው ይኸው ነው። ሽማግሌዎቻችን ሞትን እኛን ያህል አይፈሩትም። በጸሎታቸው «አሟሟቴን አሳምርልኝ» የሚሉ ሰዎች ናቸው። አባት «እኔ ስሞት ይቺ ቤት...» ብሎ ሲጀምር አፉን የምናስይዘው እኛ ልጆቹ ነን። «ኧረ አባባ አያሟርቱ! ገና መቶ ዓመት ይኖራሉ!» እንላለን። እሱም ዝም ይላል። የሚናገረው ስላልነበረው አይደለም፤ የሚሰማው ስላጣ ነው።

«ለበሽተኛ ሞትህ ቀርቧል ማለት ተስፋ ያስቆርጣል» የምትሉ አላችሁ። እውነት አለው። ሄዳችሁ አልጋው ላይ አፍርጡት አላልኩም። መስማት የማይፈልግ ሰው አለ፣ መብቱ ነው። ግን ማን ጠየቀው? «ሐኪሙ ያለውን ልንገርዎት ወይስ ለኛ ይተዉት?» ማለት ማሟረት ነው እንዴ? ደግሞም የማይድን ማለት የማይታገዝ ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በሽታቸው የማይድን ሰዎችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ሥቃያቸውን ያስታግሳል። እንዲህ ያለ እርዳታ መፈለግ የሚቻለው ግን በሽታው በስሙ ሲጠራ ነው። «ጨጓራ ነው» እየተባለ ማን ምን ይፈልጋል?

«ኑዛዜ» የሚለውን ቃል ደሞ ተመልከቱት። ለንስሐ አባት የሚነገረውም ኑዛዜ ነው፣ ስለ ንብረት የሚጻፈውም ኑዛዜ ነው። ነፍስንም ቤትንም በጊዜ ማስተካከል በቋንቋችን አንድ ቃል አለው። ዛሬ ግን በአንዳንድ ቤት ቄሱን መጥራት እንኳ «በሽተኛው ይደነግጣል» ተብሎ ይፈራል።

ሕጉ ደግሞ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ አይጠብቀንም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሰው ሞቱ ሲቃረብ ለሁለት ምስክሮች በቃል መናዘዝ ይችላል። ነገር ግን በቃል የሚሠራው ስለ ቀብሩ፣ ስለ ልጆቹ አሳዳጊና ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ቤት በዚህ አይተላለፍም። በጽሑፍ ሆኖ በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ሲፈረም ነው ኑዛዜው የሚጸናው፤ ወይም ተናዛዡ ሁሉንም በገዛ እጁ ሲጽፈው። በጆሮ ሹክ የተባለ ኑዛዜ ነው ወንድምና እህትን ፍርድ ቤት የሚያቆመው። ለቅሶ ላይ ተቃቅፈው ያለቀሱ፣ አርባው ሳይወጣ ጠበቃ የሚፈልጉት በዚህ ነው።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። አባት ወይ እናት «እኔ ስሞት» ብለው ሲጀምሩ አታቋርጧቸው። ቡናው ይፈላ፣ ቁጭ በሉና ስሟቸው። የት መቀበር እንደሚፈልጉ፣ ማንን ይቅርታ መጠየቅ እንደሚፈልጉ፣ የማን ዕዳ እንዳለባቸው ይንገሯችሁ። የሩቁ ልጅ በጊዜ ይነገረው፤ መምጣት ባይችል እንኳ ድምፃቸውን ይስማ፣ ይመረቅ። እኛ መርዶውን ለመናገር ሽማግሌ የምንሰበስብ ሰዎች ነን፤ ሰውየው በሕይወት እያለ ለመነጋገር አንድ ሽማግሌ ወይም ንስሐ አባት መጥራት እንዴት ያቅተናል?

ሞትን ስላወሩለት አይፈጥንም፣ ዝም ስላሉትም አይቀርም። ለወላጆቻችን ዕድሜ ይስጥልን፤ ለኛም የሚሰማ ጆሮ።