ለጌም የሚሆን ኮምፒዩተር በውስን ገንዘብ፦ ያገለገለ የቢሮ ዕቃ ወይስ አዲስ ግጣም?

ጭብጥ

ጌም የሚያጫውት ኮምፒዩተር ስምንት ዋና ዋና ዕቃዎች አሉት፦ ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ማከማቻ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ኬዝና ሞኒተር። ገንዘቡ ለተቆጠረበት ገዥ በአንዱ ላይ የጨመረው ብር ከሌላው ይቀነሳል። ጋሞ ዞን ውስጥ ካምባ ላይ ደግሞ ርቀት የራሱ ዋጋ አለው። ዕቃው በብዛት የሚገኘው አዲስ አበባ፣ መርካቶና ቦሌ አካባቢ ነው። ከዚያ እስከ አርባ ምንጭ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ ምዕራብ ወዳለችው ካምባ ለመድረስ ሌላ መኪና ይያዛል። ስለዚህ አልሠራም ያለ ዕቃ ሲመለስ ከትራንስፖርት ወጪው በላይ ቀናት ይባክናሉ።

የዶላር ምንዛሪም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የ100 ዶላር ግራፊክስ ካርድ ትራንስፖርትና ግብር ሳይታከልበት ከ5,700 ብር ወደ 10,000 ብርና ከዚያ በላይ ወጣ ማለት ነው።

ሙግቱ የሚካሄድበት ሐሳብ ይህ ነው፦ ካምባ የሚኖርና ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ ቢጨምርበት፣ ዕቃ በዕቃ አዲስ ከማስገጣጠም ይሻለዋል። የመጀመሪያው ጸሐፊ ሐሳቡን ይደግፋል፤ ሁለተኛው ይቃወማል።

የመጀመሪያው ጸሐፊ፦ ያገለገለው ይበቃል

ከውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ተነሥተው የሚመጡት የዴልና የኤች ፒ ዴስክቶፖች ተገጣጥመው ያለቁ ናቸው። ኬዙ፣ ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ፓወር ሰፕላዩ አብረው ለዓመታት ሠርተዋል። እርስ በርስ የማይስማማ ዕቃ መግዛት የጀማሪ ገጣጣሚ ዋና ስጋት ነው፤ እዚህ ላይ ግን አይነሳም።

አቅማቸውም የሚናቅ አይደለም። ጂቲኤ 5 እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒዩተር ሲወጣ አምራቹ የመከረው ፕሮሰሰር ኢንቴል ኮር አይ5 3470 ነበር፤ ይኸው ፕሮሰሰር ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ውስጥ ገብቶ ተሽጧል። ቫሎራንት የሚጠይቀው ዝቅተኛ አቅም ከዚህም በታች ነው። በየከተማው ባሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ወጣቱ የለመደውን እግር ኳስ ካሰብን፣ ኤፍሲ 24 በዝቅተኛ መስፈርቱ ያስቀመጠው ግራፊክስ ካርድ ባለ4 ጊጋባይቱ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው።

ይህ ካርድና ተከታዩ ጂቲኤክስ 1650 ከ75 ዋት አይበልጡም። ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልገው ዓይነታቸው ኃይሉን በሙሉ ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ ያገኛል፤ ስለዚህ ከ200 እስከ 300 ዋት የሚሰጠው የቢሮው ፓወር ሰፕላይ መቀየር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኮር አይ5 8500 ስድስት ኮር ያለው ባለ65 ዋት ፕሮሰሰር ነው። ከ75 ዋቱ ካርድ ጋር ተደምሮ፣ ማከማቻና ፋን ታክሎበት፣ ኮምፒዩተሩ በሙሉ ከ200 ዋት በታች ይሠራል።

መብራት በሚጠፋበትና ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ በሚልበት ቦታ ይህ ቁጥር ትልቅ ትርጉም አለው። 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) በተግባር የሚሸከመው ከ360 እስከ 390 ዋት ያህል ነው። የቢሮ ኮምፒዩተርና ሞኒተር ተደምረው ከዚህ በታች ስለሚሆኑ፣ ትንሹ ዩፒኤስ ጨዋታን አስቀምጦ ኮምፒዩተርን በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል። ብዙ ዋት የሚበላ ግጣም ግን ትልቅ ዩፒኤስ ይጠይቃል፤ ያ ወጪ የዕቃ ዝርዝር ሲሠራ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

የጥገና ጉዳይም አለ። ዴልና ኤች ፒ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየባንኩና በየትምህርት ቤቱ የተለመዱ ናቸው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ያለ ጠጋኝ ውስጣቸውን ያውቃል፤ ከተጣለ አንድ ኮምፒዩተር ራም ወይም ፋን አውጥቶ ሌላውን ማስነሣት ይችላል።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ አዲስ ግጣም ዕድሜ አለው

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር ርካሽነቱ የሚታየው በመግዣው ቀን ነው፤ ወጪው የሚመጣው አንድ ዕቃ ሲበላሽ ነው። ቮልቴጅ ሲዋዥቅ አስቀድሞ የሚመታው ፓወር ሰፕላይ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ላይ በማንኛውም ሱቅ በሚገኝ ዓይነት አይተካም። ኦፕቲፕሌክስ 9020 በተለመደው ባለ24 ፒን ሶኬት ፋንታ ባለ8 ፒን ይጠቀማል፤ የኤች ፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ዋና ሶኬት ደግሞ ባለ6 ፒን ነው። ካምባ ላይ እንዲህ ያለ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ኮምፒዩተሩ ልዩ አዳፕተር ወይም ተመሳሳይ ዕቃ እስኪመጣ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ችግር ጣሪያው ነው። ከ75 ዋት የሚበልጥ ካርድ ፓወር ሰፕላዩ አይችለውም። ቀጭኑ ኬዝ ከሆነ ደግሞ አጭር ቁመት ካለው ካርድ በቀር አይገባበትም፤ እንዲህ ያለው ካርድ ገበያ ላይ ጥቂት ሲሆን ዋጋውም ከመደበኛው ይወደዳል።

ሦስተኛው የሶፍትዌር ዕድሜ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። አይ5 3470 የ3ኛው ትውልድ ነው፤ 9020 ውስጥ ያለው አይ5 4590 የ4ኛው። ቫሎራንት ዊንዶውስ 11 ላይ ሲጫን ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የተባሉት የደኅንነት መከላከያዎች ካልበሩ አይጫወትም። በዚህ መንገድ አቅሙ ገና ያልደከመ ፕሮሰሰር በደንብ ምክንያት ከጨዋታ ሊወጣ ይችላል።

አማራጩ ራይዘን 5 5600ጂን መሠረት ያደረገ ግጣም ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ይህ ፕሮሰሰር ስድስት ኮርና ውስጠ-ግንቡ ቬጋ 7 ግራፊክስ ስላለው ካርድ ሳይገዛ ሥራ ይጀምራል። ሁለት ባለ8 ጊጋባይት ራም፣ ቢ450 ወይም ቢ550 ማዘርቦርድ፣ ኤስኤስዲ፣ ኬዝና ባለ500 ዋት ፓወር ሰፕላይ ሲጨመሩ ኮምፒዩተሩ ሙሉ ነው። ቫሎራንትን የመሰሉ ቀላል ጌሞችን ያጫውታል። ገንዘብ ሲገኝ፣ ምርት ሲሸጥ ወይም ደመወዝ ሲጠራቀም፣ እንደ አርኤክስ 6600 ያለ ባለ8 ጊጋባይት ካርድ ይገባበታል። ካርዱ የሚጠይቀው 132 ዋት ለ500 ዋቱ ፓወር ሰፕላይ ቀላል ነው። ከዕቃው አንዱ ቢበላሽ ያው አንዱ ብቻ ይቀየራል፤ ሁሉም በመደበኛ ልክ የተሠሩ ናቸውና።

ለአገሩ መብራት የሚስማማ ፓወር ሰፕላይ መምረጥ የሚቻለውም እዚህ ነው። አንዳንድ ርካሽ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባቸው ላይ 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ አላቸው፤ መስመሩ ከ220 ቮልት በጣም ሲወርድ ይጠፋሉ። አክቲቭ ፒኤፍሲ ያለውና ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበለው ዓይነት ግን መስመሩ ወደ 170 ቢወርድም ሥራውን ይቀጥላል።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

የፓወር ሰፕላዩ ነጥብ በከፊል ለተቃራኒው ወገን ይሠራል እንጂ ሙሉ አይደለም። የዴልና የኤች ፒ የቢሮ ፓወር ሰፕላዮች በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበሉ ናቸው፤ ተለጣፊ ጽሑፋቸው ላይ ይነበባል። የትውልዱ ጥያቄም መልስ አለው፦ ባለ8ኛ ትውልዱን ኦፕቲፕሌክስ 7060 ወይም ኤሊትዴስክ 800 ጂ4 መምረጥ፣ ከቀጭኑ ይልቅ ትልቁን ኬዝ መውሰድ። እነዚህ ዊንዶውስ 11ን ይቀበላሉ።

ቬጋ 7 ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። አቅሙ በጂቲ 1030 አካባቢ ሲሆን ከጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በግልጽ ያንሳል። አዲሱን ግጣም የገዛ ሰው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ በመጀመሪያው ዓመት የተሻለ አይጫወትም፤ ጥቅሙን የሚያገኘው ካርዱ ሲገዛ ነው። ያ ካርድ ደግሞ ወደፊት በሚኖረው ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ከሐምሌ 2016 በፊት ፕሮሰሰሩን ገዝቶ ካርዱን ለቀጣዩ ዓመት ያሳደረ ሰው ዋጋው ከእጁ ሲያመልጥ አይቷል። ብር ዋጋ በሚያጣበት ወቅት ዛሬ በሙሉ አቅሙ የሚሠራ ዕቃ ከነገ ተስፋ ይበልጣል።

ግጣም ሌላ ወጥመድም አለው። ቢ450 ማዘርቦርድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018፣ ከ5600ጂ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው። ባዮሱ (ማዘርቦርዱን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ያልታደሰ ቦርድ አዲሱን ፕሮሰሰር አያውቀውም፤ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። አንዳንድ ቦርዶች ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ ዲስክ ይታደሳሉ፤ የቀሩት ለማደስ የሚያውቁት አሮጌ ራይዘን ይፈልጋሉ። ያ ካምባ ላይ ከየት ይመጣል?

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

የባዮሱ ችግር እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ከመንገዱ መጀመሪያ ላይ ነው። ዕቃው አዲስ አበባ ተገጣጥሞ፣ ስክሪን በርቶ፣ ዊንዶውስ ተጭኖ፣ አንድ ጌም ሳያቋርጥ ለጥቂት ሰዓት ተሞክሮ ከዚያ ይጫናል። ብዙ የጋሞ ቤተሰብ ሽሮ ሜዳና በሌላው የከተማው ክፍል በሽመናና በሌላ ሥራ የሚኖር ዘመድ አለው፤ ሱቁ ሄዶ ሲበራ አይቶ የሚረከብ ሰው ካለ ዋስትናው ወረቀት ብቻ አይሆንም። ግራፊክስ ካርድ ካለው ለጉዞ ይነቀላል፤ በሻካራ መንገድ ክብደቱ ማስገቢያውን ይሰብራልና።

ያገለገለ ካርድ ራሱ የመጀመሪያው ጸሐፊ ያላነሣው አደጋ ነው። ኢቴሪየም የተባለው የዲጂታል ገንዘብ መስከረም 2015 ዓ.ም. በግራፊክስ ካርድ «ማዕድን ማውጣትን» (ማይኒንግን) ሲያቆም ሌት ተቀን የሠሩ ካርዶች በዓለም ገበያ ላይ ጎርፈዋል። ከዚያም በፊት የአሮጌ ካርድ ባዮስ ተቀይሮ «1050 ቲአይ» እየተባለ ይሸጥ ነበር፤ ጂፒዩ-ዜድ የተባለው መመርመሪያ ሐሰተኛውን መለየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ገዥው ይህን ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ ሱቁ ውስጥ ካላስኬደ ርካሹ ካርድ ውድ ይሆናል።

ምንዛሪውን በተመለከተ ክርክሩ በሁለቱም በኩል ይቆርጣል። ባለ75 ዋቱ ካርድ ሲያንስ ገዥው ካርዱን ብቻ ቀይሮ አያቆምም፤ ፓወር ሰፕላዩ፣ ኬዙና ምናልባትም ቦርዱ አብረው ይሄዳሉ። ያም ግዢ የሚፈጸመው በወደፊቱ ምንዛሪ ነው። አዲሱን ግጣም የያዘ ሰው ግን የሚጎድለው አንድ ዕቃ ነው። እርግጥ 5600ጂ ካርድ ሲገባለት ውስጠ-ግንብ ግራፊክስ ከሌለው ከራይዘን 5 5600 ያንሳል፤ ካሹ 16 ሜጋባይት ሲሆን የሌላው 32 ነው። ካርዱን ከመጀመሪያው መግዛት የሚችል ሰው 5600ን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ያኛው ግን ያለ ካርድ ስክሪን አያበራም።

የሚስማሙበትና የሚለያዩበት

ሁለቱ ጸሐፊዎች በአራት ነገሮች አይለያዩም። አንደኛ፣ ራም በሁለት ፍሬ ይገዛል። ዲዲአር4 3200 በአንድ ፍሬ በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት፣ በሁለት 51.2 ያስተላልፋል፤ ውስጠ-ግንብ ግራፊክስ በዚሁ ራም ስለሚሠራ ልዩነቱ ጨዋታው ላይ ይታያል። ሁለተኛ፣ ሲስተሙ የሚጫነው ኤስኤስዲ ላይ ነው። ካውንተር-ስትራይክ 2 ብቻውን 85 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ በሞባይል ዳታ ከማውረድ ከአርባ ምንጭ ወይም ከአዲስ አበባ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ማምጣት ስለሚቀል 500 ጊጋባይት ጥሩ መነሻ ነው። ሦስተኛ፣ የዩፒኤስ ወይም የስታብላይዘር ገንዘብ ከበጀቱ አስቀድሞ ይነሣል። ዩፒኤሱ ቮልቴጅ የሚያስተካክለው ዓይነት ከሆነ ለብቻው ስታብላይዘር መግዛት አያስፈልግም። አራተኛ፣ ኬዙ አየር የሚያስገባ መሆን አለበት። በሞቃታማው ቆላና በአርባ ምንጭ ሙቀት የታፈነ ኬዝ ፕሮሰሰሩን ፍጥነት ያስቀንሰዋል፤ እንደ ጨንቻ ባለው ደጋ ጭንቀቱ ያነሰ ነው። አቧራው ግን በሁለቱም ቦታ በየጊዜው መጠረግ ይፈልጋል።

ልዩነታቸው በገንዘቡ አመጣጥና በዕቃው ዕድሜ ላይ ይቀራል። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ተገኝቶ ሌላ የማይጠበቅ ከሆነ፣ የሚፈለገውም እግር ኳስና ቀደም ሲል የወጡ ጌሞች ከሆኑ፣ ባለ8ኛ ትውልድ የቢሮ ኮምፒዩተርና ባለ75 ዋት ካርድ በአንድ ብር ብዙ ጨዋታ ይሰጣሉ። ገንዘቡ በየጊዜው የሚመጣ ከሆነና ኮምፒዩተሩ ለአምስት ዓመትና ከዚያ በላይ እየተሻሻለ እንዲያገለግል ከታሰበ፣ በመደበኛ ልክ የተሠራው አዲስ ግጣም የመጀመሪያውን ውድነቱን በዕድሜው ይመልሳል። ገዥው ሱቅ ከመግባቱ በፊት ከነዚህ ሁለት ሁኔታዎች የትኛው የእሱ እንደሆነ ቢለይ የዕቃዎቹ ዝርዝር ከሞላ ጎደል ተወስኗል።